ኢየሩሳሌም የተባለው ጭፈራ

ከአፍሪካ በስተ ደቡብ፥ ዛምቤዚና ሊምፖፖ በሚባሉት በሁለቱ ታላላቅ ወንዞች መካከል፥ ዚምባብዌ የምትባል አገር አለች። በዚያች አገር በምሥራቁ ወገን፥ በሙሬህዋና በአጠገቡ ባሉት ወረዳዎች፥ ጄሩሳሬማ የሚሉት አንድ ጭፈራ አለ። አንባቢዎቻችን ቃሉን ሲሰሙ ወዲያው እንደሚጠረጥሩት፥ ትርጓሜው ኢየሩሳሌም ማለት ነው። ከአገሩ ሕዝብ የሚበዛው የሚናገርበት የሾና ቋንቋ የ«ለ» ድምፅ ስለሌለው፥ በ«ረ» ይተኩታል። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የበዓል ማሕሌት ይመስለዋል፤ ወደ ጭፈራው ቦታ ደርሶ ያየ እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ያገኛል።

በዚህ ጭፈራ ከበሮውን የሚመታው አንድ ባለሙያ ብቻ ነው። ወንዶቹ በእጃቸው የያዙትን የእንጨት ማጨብጨቢያ ያጋጫሉ፤ ሴቶቹ በመዳፋቸው ያጨበጭባሉ፤ ድምፃቸውንም ከወፍራም ወደ ቀጭን እየሰበሩ ያዜማሉ፤ ፊሽካም ይነፋል። እንደ ሌሎቹ የአካባቢው ጭፈራዎች ብዙ ከበሮ አይሰለፍበትም፤ የተወሳሰበ የእግር አጣጣልም የለበትም። ኀይሉ በድንገተኛነቱ ነው። ወንዱ ወደ መካከል ሮጦ ገብቶ ቍጢጥ ይላል፤ እጆቹንም እያወናጨፈ በቀኝ እግሩ መሬቱን ደጋግሞ ይመታል። ይህም ፍልፈል ጕድጓድዋን ስትቈፍር የምታደርገውን መምሰሉ ነው። ሴቲቱም ከወገኖችዋ ተለይታ ወደ እርሱ ትወጣለች። ከዚህ የቀረውን በዝርዝር መጻፍ ለቤተ ሰብ ገጽ አይገባም፤ ስለ መውለድና ስለ ቤት መብዛት የሚናገር ጭፈራ ነው ብንል ይበቃል።

የቀድሞ ስሙ ምቤንዴ ነበረ። ምቤንዴ ማለት በሾና ቋንቋ ፍልፈል ማለት ሲሆን፥ ይህች ፈጣን እንስሳ በእነርሱ ዘንድ የመራባትና የቤተ ሰብ ምልክት ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ፥ ከእነርሱ ጋራ የገቡት የወንጌል መልእክተኞች ጭፈራውን አይተው ተጸየፉት። እንዲተውም ፈለጉ። የጭፈራው ባለቤቶች ግን አልተከራከሩም፤ ስሙን ብቻ ለወጡት። ፍልፈል መባሉ ቀርቶ ኢየሩሳሌም ተባለ። በቅድስት ከተማ ስም የሚጠራን ነገር ማን በድፍረት ይከለክላል? እኛ በመዝገብና በደብዳቤ መካከል ያደግን ሰዎች ስለሆንን፥ በወረቀት ላይ አንድ ስም ሲለወጥ ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ እንደሚይዝ ብዙ ጊዜ አይተናል። በዚህ ላይ ግን ስሙ ተለወጠ፥ ነገሩ እንደ ነበረ ቀረ።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ጽፈናል) የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን ጭፈራ ከዓለም ሕዝቦች የቃልና የባህል ቅርሶች መካከል ቈጠረው፤ በ2008 ዓመትም በታላቁ መዝገብ ላይ ተጻፈ። የተጻፈውም በሁለቱም ስሞች፥ «ምቤንዴ ጄሩሳሬማ» ተብሎ ነው። ተሰውሮ የኖረው ስም እንዲህ ሆኖ ከተሰወረበት ወጣ። ነገር ግን በዚህ ዘመን ጭፈራው ለአገር ጐብኚዎችና ለፖለቲካ ስብሰባዎች ማድመቂያ እየሆነ፥ የቀድሞ መልኩ መሳሳቱን የሚያዝኑበት አሉ። መልእክተኞቹ በቍጣ ያላጠፉትን ጭብጨባ እንዳያጠፋው ያሰጋል።

ስለዚህች አገር ዜማና ጭፈራ ጥቂት ልንነግራችሁ የወደድነው ከዚህ የተነሣ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ቢመስልም የእያንዳንዱን ቤት አባትና እናት ይነካል። በዚያ አገር የአያቶች ዜማ የቀረውም የጠፋውም፥ ከሹማምንት ትእዛዝ ይልቅ «ልጄ ይህን ይማር» ወይም «ልጄ ይህን እንዳይነካ» በሚል በየቤቱ በተቈረጠ ፍርድ ነውና።

ከሙዚቃ መሣሪያዎቻቸው ሁሉ የከበረው ምቢራ ነው። በሁለት እጅ የሚያዝ የጠንካራ እንጨት ገበታ ሲሆን፥ በላዩ በመዶሻ የተጠፈጠፉ የብረት ምላሶች በተርታ ታስረውበታል። «የአባቶች መናፍስት ምቢራ» የሚሉት ታላቁ ዐይነት ከ22 እስከ 28 የሚደርሱ ምላሶች አሉት፤ እነርሱንም በሁለቱ አውራ ጣቶችና በቀኝ እጅ ሌባ ጣት እየነካኩ ይጫወቱታል። እንጨቱ ሙብቫማሮፓ ከሚባል ዛፍ የተጠረበ ነው፤ ዛፉ ሲቈረጥ ቀይ ፈሳሽ ስለሚያወጣ ስሙ ደም የሚወጣበት ማለት ነው። ብረቱን በጥንት ዘመን ከአፈር አቅልጠው ያወጡት ነበር፤ በኋላ ግን የአልጋ ሞላና የቢስክሌት ጐማ ሽቦ ለዚሁ ሥራ ዋለ። ድምፁ እንዲጐላ በትልቅ ቅል ውስጥ ይደገናል። በቅሉና በገበታው ላይም ቀድሞ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፥ ዛሬ የጠርሙስ ቈርኪ ይታሰርበታል፤ ጣት በነካው ቍጥር እንደ ንብ ይጮኻል። የአውሮፓ ሰዎች መጀመሪያ ሲሰሙት ይህን ጩኸት የመሣሪያው ጕድለት አድርገው ቈጥረውት ነበር። ለባለቤቶቹ ግን ያለ እርሱ ምቢራ ምቢራ አይደለም።

አንድ ምቢራ ለብቻው አይበቃም። አንዱ ዜማውን ያነሣል፥ ሁለተኛው በመካከሉ እየገባ ይቀበለዋል። የመጀመሪያውን ኩሻውራ፥ የሁለተኛውን ኩትሲንሂራ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ አውራጅና ተቀባይ ብንል አንስትም። ሁለቱ ተጋጥመው ሲሄዱ፥ ከሁለቱም አንዳቸው ያልመቱት ሦስተኛ ዜማ ከመካከላቸው ይሰማል። ሆሾ የሚሉት ዘር የተከተተበት ቅል እየተንሿሿ እርምጃውን ይጠብቅላቸዋል፤ ጨፋሪዎቹም እግራቸውን በዚያው ላይ ያሳርፋሉ።

የመሣሪያውን ጥንታዊነት ከሚመሰክሩት ጽሑፎች አንዱ ለእኛ የተለየ ነገር አለው። ዡዋው ዶስ ሳንቶስ የሚባል የፖርቱጋል መነኵሴ በ1586 ዓመት ወደ ሶፋላ ባሕር ዳርቻ መጥቶ፥ በዚያ አገር ሰዎች እጅ ዘጠኝ የብረት ምላሶች ያሉት «አምቢራ» የሚባል መሣሪያ ማየቱን ጽፏል። መጽሐፉም በ1609 ዓመት በፖርቱጋል አገር በኤቮራ ከተማ ታተመ። ስሙ «ምሥራቃዊት ኢትዮጵያ» ይባላል! በዚያ ዘመን አውሮፓውያን የጥቍር ሕዝብ አገርን ሁሉ በእኛ ስም ይጠሩት ስለ ነበረ፥ የሾና ሕዝብ ምቢራም በኢትዮጵያ ስም ታትሞ ለዓለም ተነገረ። ስም ያለ ባለቤቱ መሄዱ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

ምቢራው ከሁሉ በላይ የሚፈለግበት ጊዜ ቢራ የሚሉት የሌሊት ሥርዐት ነው። (ቃሉ ከመጠጡ ስም ጋራ ቢገጣጠምም ዝምድና የለውም፤ የእህል ጠላ ግን በእርግጥ ይጠመቅለታል።) በቤት ውስጥ ሕመም ወይም ችግር በጸና ጊዜ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። ከምሽት እስከ ንጋት ምቢራው ሳያቋርጥ ይመታል፤ ሆሾው ይንሿሿል፤ ሰዎቹም ያጨበጭባሉ፥ ይጨፍራሉ። የሞቱት አያት መንፈስ በአንዱ ዘመድ ላይ አድሮ እስኪናገር ድረስ ይጠባበቃሉ። አንባቢዎቻችን የዛርን ነገር ያስቡ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ የሚጠሩት እንግዳ መንፈስ አይደለም፤ ስሙን፥ መቃብሩንና የሚወደውን ዜማ የሚያውቁለት የራሳቸው አያት ነው። እንግዲህ ምቢራ የማያውቅ ልጅ ያደገበት ቤት፥ በእነርሱ አስተያየት ከአያቱ ጋራ የሚነጋገርበት አፍ የለውም።

ልጆች ዜማ የሚለምዱት ግን ቢራ ከመድረሱ በፊት በማታ እሳት ዙሪያ ነው። ተረት የምትነግረው ብዙውን ጊዜ አያት ናት። በእኛ አገር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እንደሚባለው፥ በእነርሱም ዘንድ አያት «ከዕለታት አንድ ቀን» ስትል ልጆቹ በአንድ አፍ «ድዜፕፉንዴ» ብለው ይመልሱላታል። ተረቱም መካከል ላይ ሲደርስ ወደ ዜማ ይገባል፤ ጥንቸልዋ ወይም ጅቡ ይዘፍናል፥ ልጆቹም ይቀበላሉ። ትምህርት ቤት ሳይገቡ የአውራጅንና የተቀባይን ሥርዐት የተማሩት በዚህ ነው።

የወንጌል መልእክተኞች ምቢራውን የከለከሉት ለምን እንደ ሆነ እንግዲህ ግልጽ ነው። ከአያቶች መንፈስ ሥርዐት ጋራ አንድ አድርገው አዩት፤ ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚገባ ልጅም ምቢራውን ከደጅ ትቶ እንዲገባ አደረጉ። ብዙ ክርስቲያን ወላጆችም ከእነርሱ የበለጠ ቀናተኞች ሆኑ። ከመልእክተኞች እጅ ትምህርት የቀመሰ ሰው ለልጁ ነፍስ የፈራውን ፍርሀት በቀላሉ አይንቀውም፤ ስለዚህ እኛ በእነዚያ ወላጆች ላይ አንፈርድም። ነገር ግን ከመልእክተኞቹ ብዙዎቹ ከምቢራው ጋራ ከበሮውንም አንድ ላይ ጣሉት፤ ለክርስቲያን አይገባም አሉ። ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም፤ በእኛ አገር ካህናት ከበሮና ጸናጽል ይዘው በቤተ መቅደስ እያሸበሸቡ ሲያመሰግኑ ብዙ ዘመን ኖረዋልና። በመጨረሻም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1962 እስከ 1965 ዓመት በሮም ካደረገችው ታላቅ ጉባኤ በኋላ፥ በዚያ አገር ከበሮውና ሆሾው በቅዳሴ ጊዜ እንዲመታ ፈቀደች። በደጅ የቀረው በደጀ ሰላም ገባ።

በ1946 ዓመት በምሆንዶሮ አውራጃ የተወለደች ስቴላ ቺዌሼ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች። በ1960ዎቹ ዓመታት መካከል፥ ምቢራ መማር አለብኝ ብላ ተነሣች። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ምቢራ መምታት ነውር ነበረ፤ ስለዚህ የሚያስተምራት ሰው ብትፈልግ አንዱም እሺ አላላትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያስተማራት የአያትዋ ወንድም የሆነ አንድ ሽማግሌ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት መካከል የመጀመሪያ ሸክላዋን ስታስቀርጽ የራስዋ ምቢራ አልነበራትም፤ በተበደረችው ምቢራ ተጫወተች፥ ሸክላውም በብዙ ተሸጠ። ከነጻነት በኋላ በብሔራዊው የጭፈራ ጓድ ገብታ ሠራች፤ ከዚያም በአውሮፓ ከተሞች ሁሉ እየዞረች ተጫወተች። ሰዎች «አምቡያ» ብለው ይጠሩዋት ነበር፤ ይህም አያት ማለት ነው። በጥር ወር በ2023 ዓመት ዐረፈች። በእኛም አገር ማሲንቆ ያነሣ ልጅ ለቤተ ዘመዱ ኀፍረት የተባለበት ዘመን እንደ ነበረ የማያስታውስ የለም። ያ አንድ ሽማግሌ እሺ ባይል ኖሮ፥ ያች አያት አትኖርም ነበር።

ሌላም ቤት አለ። በቡላዋዮ ከተማ በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ክዋኖንጎማ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቋቍሞ ለመምህራን የአገሩን ሙዚቃ ማስተማር ጀመረ። በዚያም ከተሰጡት ትምህርቶች አንዱ ኝዩንጋ ኝዩንጋ የሚባለው 15 ምላሶች ያሉት ትንሹ ምቢራ ነው። ይህ ዐይነት ለመንፈስ ሥርዐት ሳይሆን ይበልጡን ለጨዋታ የሚያገለግል ስለ ሆነ፥ ትምህርት ቤት ለመግባት ቀላል ሆነለት። በዚያ የተማረው ዱሚሳኒ ማራይሬ በ1968 ዓመት ወደ አሜሪካ፥ ወደ ሲያትል ከተማ ሄዶ በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ከእርሱ የተነሣ ዛሬ በዚያ አሜሪካ ክፍል የዚምባብዌን ዜማ የሚጫወቱ ብዙ ማኅበሮች አሉ። ሴት ልጁም ቺዎኒሶ በ1976 ዓመት በኦሊምፒያ ከተማ ተወለደች። ከአገርዋ ርቃ ብትወለድም ምቢራውን ከወላጆችዋ እጅ ተቀብላ፥ ገና ሕፃን ሳለች ከእነርሱ ጋራ በአደባባይ ትጫወት ነበር። አድጋ ወደ ዚምባብዌ በመጣች ጊዜም በሾናና በእንግሊዝኛ እየዘፈነች፥ የአያቶችን ምቢራ ከዘመናዊው ጊታርና ከበሮ ጋራ አስማማች። አባትዋ በ1999 ዓመት ሞተ፤ እርስዋም በ2013 ዓመት በ37 ዓመትዋ ተከተለችው። ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ነገር ግን በሴት ልጅ እጅ ላይ ምቢራ ማየት ከእርስዋ ዘመን ወዲህ የሚያስደንቅ ነገር መሆኑ ቀርቷል። የምቢራ አሠራርና አጨዋወት ከጐረቤቱ ከማላዊ ጋራ በአንድነት በ2020 ዓመት በዚያው በዓለም መዝገብ ተጽፏል።

የከተማውን ሙዚቃ ባጭሩ እናልፈዋለን። ለሥራ ወደ ቡላዋዮና ያን ጊዜ ሳልስበሪ ትባል ወደ ነበረችው ወደ ዛሬይቱ ሐራሬ የገቡት ሰዎች፥ ከደቡብ አፍሪካ በመጣው የከተማ ዳንስ ስልት እየጨፈሩ ሳክስፎንና ጊታር ለመዱ። ኦገስት ሙሳሩርዋ የሚባል ሰው በቡላዋዮ በሥጋ ማቀዝቀዣ መሥሪያ ቤት የዳንስ ባንድ ሆኖ በ1947 ዓመት «ስኮኪያን» የሚባል ዜማ በሸክላ አስቀረጸ፤ ስኮኪያን በሥውር የሚጠመቅ የሚያሰክር መጠጥ ነው። በ1954 ዓመት ያንኑ ዜማ ሉዊ አርምስትሮንግና ሌሎች የአሜሪካ ሙዚቀኞች ተጫወቱትና ዓለምን ዞረ። በሥውር የተጠመቀ ነገር በአሜሪካ አደባባይ ተጠጣ ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው በ1970ዎቹ ዓመታት የሆነው ነው። በማንጉራ የመዳብ ማዕድን ለሠራተኞቹ የሚጫወት አንድ ባንድ ነበረ። በእርሱ ውስጥ ቶማስ ማፕፉሞ የሚባል የ1945 ዓመት ተወላጅ ይዘፍን ነበር። እርሱና ጓደኞቹ እስከዚያ ድረስ የውጭ አገር ዘፈን ሲገለብጡ ከኖሩ በኋላ፥ የምቢራውን ዜማ በጊታር ለመጫወት አሰቡ። የጊታሩ ጅማት እንደ ብረት ምላስ ቶሎ እንዲያቋርጥ በመዳፍ ያፍኑት ጀመር፤ የሆሾውን ሥራ ለከበሮው ናስ ሰጡት። በዚህ ጊዜ አገሩ በነጮች ገዢዎችና በነጻነት ተዋጊዎች ጦርነት ላይ ነበረ። ማፕፉሞ በሾና ቋንቋ የዘፈናቸው ዘፈኖች ላይ ላዩን ሲሰሙ ስለ እርሻ፥ ስለ እናት ኀዘን፥ ስለ አውሬ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር፤ ውስጣቸው ግን ጦርነቱ ነው። ሰምና ወርቅን ከልጅነቱ ለተማረ ለእኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ገዢዎቹም ወርቁን በደረሱበት ጊዜ ዘፋኙን ክስ ሳያቀርቡበት አሰሩት። ይህ የዘፈን ዐይነት ቺሙሬንጋ ይባላል፤ ትርጓሜውም የነጻነት ትግል ማለት ነው፤ ስሙ በ1896 ዓመት እንግሊዞችን ከተዋጉት አያቶች የመጣ ነው።

ነጻነቱ የመጣው ከሚያዝያ 17 እስከ 18 ቀን 1980 ዓመት ባለው ሌሊት ነው። በሩፋሮ ስታዲዮም አዲሱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፥ ንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴን በሃይማኖቱ ያከብር የነበረው የጃማይካው ቦብ ማርሌይ ከጓዶቹ ጋራ መጥቶ ዘፈነ፤ ማፕፉሞም በዚያው ሌሊት ተጫወተ። ይህ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስለ አዲሶቹ ሹማምንት ጉቦና ምዝበራ ዘፈን አወጣ። ከዚያም በ2000 ዓመት ገደማ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። የድሮዎቹን ገዢዎች ሲዘፍንባቸው ያጨበጨቡለት ሰዎች በተራቸው ሲዘፈንባቸው አልወደዱትም።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሾና ሕዝብ ነው። በሰሜን በዛምቤዚ ሸለቆ የሚኖሩት ቶንጋ የሚባሉት ደግሞ የሚነፉት የእንስሳ ቀንድ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቀንድ፥ እያንዳንዱም ቀንድ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። የእኛ እምቢልታ በሦስት ነፊዎች መካከል እንደሚቀባበል ማለት ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ነፊዎቹ ብዙ ናቸው፥ እየተጓዙና እየጨፈሩም ይነፋሉ። ይህን የሚያደርጉት ከሁሉ ይልቅ በለቅሶና በሙት መታሰቢያ ጊዜ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የካሪባ ግድብ ሲሠራ ከወንዙ በሁለቱም ዳር 57 ሺህ ያህል የቶንጋ ሰዎች ከአገራቸው ተነሥተው ወደ ደረቁ ደጋ ተወሰዱ። የአባቶቻቸው መቃብር በውሃ ተዋጠ። ቀንዶቹን ግን ይዘዋቸው ወጡ። አንድ ሰው በሞተ ወይም በተሰደደ ጊዜ ከዜማው አንድ ድምፅ ስለሚጐድል፥ ቀንዱን ለልጁ ማስያዝ የግድ ይሆናል።

ዛሬ የከተማው ጐልማሳ የሚወደው ሌላ ነው። ሱንጉራ የሚሉት የጊታር ዘፈን አለ፤ ጣት እንደ ዝናም በጅማቱ ላይ ይወርዳል፥ ጨፋሪውም እግሩን እንደ ፈረስ ያፈጥናል። ከዚህ በኋላም በምባሬ ሠፈር በኮምፒዩተር የሚሠራ፥ ከጃማይካ ስልት የተወለደ ጩኸት የበዛበት የወጣቶች ዘፈን መጥቷል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ጆሮ ይከብዳል፤ ነገር ግን ያባቶቻችን ጆሮም የከበደው ነገር ስለ ነበረ ዝም ብለን እናልፋለን። በዚያው ጊዜ ጂኪንያ በሚባለው በዓል ከየአውራጃው የመጡ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናት በየአያቶቻቸው ጭፈራ ይወዳደራሉ።

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለዚህ አገር ተጽፎ የኦሊቨር ምቱኩድዚ ስም ካልተነሣ ጽሑፉ ጐደሎ ነው። በ1952 ዓመት በሳልስበሪ ዳር በሃይፊልድ ተወለደ፤ አባትና እናቱም መዘምራን ነበሩ። የአያቶቹን የከበሮ ስልት ከጊታር ጋራ አዋሕዶ ከ60 የሚበልጡ የዘፈን አልበሞች አወጣ። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ «ኔሪያ» በተባለው ፊልም ውስጥ ተጫወተ፥ ዋናውንም ዘፈን እርሱ ደረሰው። ታሪኩ ባልዋ የሞተባት ሴት ነው። የባልዋ ወንድም በልማድ አሳብቦ ቤቱንና ገንዘቡን፥ በመጨረሻም ልጆችዋን ይወስድባታል፤ እርስዋም በፍርድ ቤት ትሟገታለች። የውርስ ክርክር ወረቀት ለዐይኑ ያልተለየው ሰው ይህን ፊልም ያለ እንባ አያይም፤ እኛም አላየነውም። በ1997 ዓመት በዚያ አገር የወጣው ሕግ የሟች ሚስት በባልዋ ቤት ላይ ቀዳሚ መብት እንዲኖራት አደረገ። ዘፈኑ ሕጉን አወጣው አንልም፤ ሕጉ ከመታወጁ በፊት ግን ዘፈኑ በየቤቱ ይታወቅ ነበር።

በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከአገሩ ዐዋቂዎች አራተኛው እጅ ያህል በኤድስ ተሐዋሲ ተይዞ ሳለ፥ ሰዎች በሽታውን በስሙ ለመጥራት ይፈሩ ነበር። ምቱኩድዚ ያን ጊዜ «ምን እናድርግ» የሚል ትርጓሜ ያለው ዘፈን አወጣ። ሰዎችም በሰርግና በመሸታ ቤት ሳይቀር ጨፈሩበት፤ እየጨፈሩም በቤታቸው የማይናገሩትን ተናገሩ።

በኋላም በኖርተን ከተማ «ፓካሬ ፓዬ» የሚባል የኪነ ጥበብ ማእከል አቋቍሞ ወጣቶችን ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ ሁሉ የሚወደው ወንድ ልጁ ሳም ነበረ፤ ጊታርና ሳክስፎን ይጫወታል፥ የራሱንም ዘፈን አውጥቶ ነበር። በመጋቢት ወር በ2010 ዓመት በመኪና አደጋ ሞተ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ነበረ። አባት ያስተማረውን ልጅ ቀበረ። ከሁለት ዓመት በኋላም «ሳራዎጋ» የሚል አልበም አወጣ፤ ብቻዬን ቀረሁ ማለት ነው።

ምቱኩድዚ ራሱ በጥር 23 ቀን 2019 ዓመት ዐረፈ። መንግሥት ከዚያ በፊት ለሙዚቀኛ አድርጎት የማያውቀውን የአገር ጀግና ማዕርግ ሰጠው፤ የአገር ጀግኖችም የሚቀበሩት በሐራሬ በተሠራላቸው በታላቁ ስፍራ ነው። ቤተ ሰቡ ግን ወስደው በአባቶቹ መንደር በማድዚቫ ቀበሩት። ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ በመቃብሩ ዙሪያ ዘፈኖቹን እየዘፈነ አፈር አለበሰው።